የዳኘው ተረከዝ

እናትዓለም ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምታለቅስ ሴት ናት። ልጇ ዳኘው ለፋብሪካው ቡድን ኳስ ሊጫወት በወጣ ቁጥር ትሳል ነበር። በሠራተኞች ቀን ግን ስለቱም አልያዘላትም። ዳኘው ሊሮጥ ሲነሣ አንድ ነገር እንደ ጅራፍ ጮኸ፤ «ማነው የመታኝ?» ብሎ ዞረ። ከኋላው ማንም አልነበረም። የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ኩባዊው ሐኪም ዳኘውን በሆዱ አስተኝቶ እግሮቹን ከአልጋው ጫፍ አወጣቸው። የደህናውን እግር ባት ጨመቅ ሲያደርገው እግሩ ንቅንቅ አለ። የሌላውን ሲጨምቀው ግን ከጣና ወጥቶ እንደ ዋለ የቀረሶ ዓሣ ዝም። እናትዓለም ይቺን ነገር አልረሳቻትም።

ያልረሳችው ሌላም አለ። የቀዶ ጥገናው በር ሲዘጋ ውስጥ የቀረችው ሙሉነሽ ናት፤ የሆስፒታሉ ቁስል አሳሪ፣ ዳኘው ያጫት ልጅ። የወለደች ውጭ ዛፍ ሥር፣ የትናንቷ እጮኛ ውስጥ!

«እንዴት አድርገው ቀደዱት?» አለቻት እናትዓለም፣ ሙሉነሽ ስትወጣ።

«አልቀደዱትም እትዬ። በትንንሽ ቀዳዳ መርፌና ክር አሾልከው ጫፍና ጫፉን ገጠሙት።»

«ሳይከፍቱ? ሳያዩ?»

«በጣታቸው እየዳበሱ ነዋ።»

ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ሲመለሱ የዳኘው እግር ከፊት በጄሶ ተደግፎ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጣቶቹ ቁልቁል ተቀስረው ነበር። «እንዲህ ካልሆነ ጅማቱ ተስቦ ይላቀቃል፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያቀናዋል» ትላለች ሙሉነሽ። ፋሻውን ልትቀይር ስትመጣ ደግሞ፣ «አቧራ እንዳይገባ እስቲ ይውጡልኝ» ብላ በሩን ትዘጋለች። እናትዓለም በበሩ ስንጥቅ ታያለች። የወባ ትንኝ የነከሰው የሚመስል ነጠብጣብ፤ ሌላ ምንም። ከዚያ የሁለቱ ሳቅ።

«ጠማማ አድርጋ ልታስቀረው ነው» አለች በልቧ። «የሚሮጥ ያመልጣታላ!»

አንድ ረፋድ፣ ሙሉነሽ ሥራ ላይ ሳለች፣ ወጌሻውን አያ ተክለ ጊዮርጊስን አስጠራች።

«እማዬ፣ ሙሉነሽ ሳትኖር አይፈታም!» አለ ዳኘው።

«ሙሉነሽ ናት የወለደችህ?»

«አልወለደችኝም፤ ግን ታውቃለች።»

«እኔ እናትህ ደንቆሮ ነኛ!»

ዳኘው በሆዱ ተገልብጦ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። ፋሻው ተፈታ፣ ጄሶው ተነሣ። አያ ተክለ ጊዮርጊስ መዳፋቸውን ቅቤ ቀቡ።

«ጠሟል። አንዴ ሳብ ባደርገው ይቃናል። ጥርስህን ንከስ፣ ጎበዝ!»

«ቆይማ አያ» አለች እናትዓለም። «መጀመሪያ ይዩልኝ፤ ምንም እንዳልሠሩለት ይመስክሩልኝ።»

እንደ ሐኪሙ ባቱን ጨመቅ አደረገች።

እግሩ ንቅንቅ አለ።

ደገመች። እግሩም ደገመ።

ወጌሻው ቅቤያም እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይኸማ ተያይዟል! ገና ያልጠና ነገር ሲጎተት ይበጠሳል። እኔ አልነካም፤ ጉድ ልታደርጊኝ ነበር።»

እናትዓለም ያ የጅራፍ ድምፅ እዚሁ ቤቷ ውስጥ፣ በራሷ ጥሪ ሲጮኽ ተሰማት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ደስ ብሏታል። ደስታው ውስጥ ግን እሾህ አለ፤ ልጅቱ እውነቷን ነበር።

ለምሳ ሙሉነሽ ስትመጣ እግሩ ጄሶውን መልሶ፣ ፋሻው እንደ ጭድ ሸክም ተተብትቦ ጠበቃት። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይላል።

«ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ፣ አሳክኮኝ…» አለ ዳኘው።

«ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ» አለች እናትዓለም። «ባቱን ጨመቅሁት፣ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ለኔ ነው!»

ሙሉነሽ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ዳኘውን አየች፣ እናቱን አየች፣ ዋጠችው።

«እሰይ፣ እትዬ!» አለች።

እናትዓለም ያ የተዋጠው ነገር ምን እንደሆነ ገባት። በዚያ በተዘጋው በር ውስጥ እግሩ ቀድሞ ለማን እንደተንቀሳቀሰም ገባት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ቦታ ልትለቅላት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።

«ነይ፣ እሰሪው» አለች። «ተረከዙን የምይዘው ግን እኔ ነኝ።»