ተቆርጦ ይለቀቅ

፩

የዕቃው ዓይነት፦

ወንዳፍራሽ የጉምሩክ ቅጽ ይዞ፣ እስክሪብቶውን እዚህ መስመር ላይ አቁሞ ያልበዋል። ድሬዳዋ ነው፤ ደረቅ ወደቡ ውስጥ። ርግብ ጣሪያው ላይ ካረፈች ተጠብሳ ነው የምትወርደው፤ አላምንም ያለ ሄዶ ይይ።

ከፊቱ አንድ ሣጥን አለ። ውስጡ ቧንቧ፣ ሦስት ጎማ፣ መዘውር፣ መቀመጫ። በእጅ እየተዘወረ የሚሄድ የአካል ጉዳተኛ ወንበር ነው፤ ተፈታትቶ የመጣ። የታላቅ እህቱ የእታፈራሁ ነው። የጭነት መኪና እግሯን ከቀማት ወዲህ ከቤት የምትወጣው በሰው ጀርባ ታዝላ ነው። አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት ከባሕር ማዶ የላከችላት።

፪

አንባቢ ሆይ፣ ጉምሩክ ብረትን የሚያውቀው በስሙ ነው። ቧንቧ ካልከው አንድ ቀረጥ፣ የብስክሌት ዕቃ ካልከው ሌላ ቀረጥ፣ የቤት ዕቃ ካልከው ደግሞ የሚያስለቅስ ቀረጥ። ብረቱ ያው ነው። የሚያስከፍልህ ስሙ ነው።

ወንዳፍራሽ ይህን የሰማው ጫት ላይ ነው። ጫት ላይ የተሰማ ነገር ደግሞ ምን ጊዜም ግማሽ ነው። እሱ የሰማው ግማሽ እንዲህ ይላል፦ ከስሞች ሁሉ የሚረክሰው

ቁርጥራጭ

ነው።

፫

በዋዜማው፣ እታፈራሁ አልጋ ጫፍ ላይ፦

«እትዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። በሻይ ዋጋ አወጣልሻለሁ።»

«ወንዴ፣ ደግሞ እንደ ልማድህ እንዳትቀደድ። ያለውን ንገራቸውና ያሉህን ክፈል።»

«ያለውን ተናግሮ የከበረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አያለሁ፣ ከዚህ ግድግዳ ሌላ?»

፬

የዕቃው ዓይነት፦ ቁርጥራጭ ብረት

ፈታሿ ወይዘሮ ዝማም ሣጥኑን አስከፈቱ። የተባባሉት ቃል በቃል ይኸው፦

ዝማም፦ ይሄ ወንበር አይደለም እንዴ?

ወንዳፍራሽ፦ ነበር እመቤቴ። ነፍሱን ይማር።

ዝማም፦ ምን አገኘው?

ወንዳፍራሽ፦ የአንድ የባሕር ማዶ ጄኔራል ነበር። ሰውዬው ቁርሱ አንድ ሙሉ በግ ነው። አንድ ቀን ተቀምጦበት ቢያስነጥስ፣ ጎማው በመስኮት፣ መቀመጫው በጭስ ማውጫ ወጣ። ጄኔራሉን እስከ ዛሬ እየፈለጉት ነው።

(ሳቅ።)

ዝማም፦ ታዲያ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም!

ወንዳፍራሽ፦ በድንጋጤ ነው እመቤቴ። ለመላጥ ጊዜ አላገኘም።

(ረጅም ሳቅ። ሚዛን ላይ የሚሠራው ሰውዬ ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ።)

ዝማም፦ እሺ፤ ቁርጥራጭ ካልክ ቁርጥራጭ ይሁንልህ።

እንባቸውን ጠረጉና ማኅተሙን መቱ።

፭

ተቆርጦ ይለቀቅ።

፮

ማስታወሻ፦ ቁርጥራጭ ተብሎ የገባ ብረት ለማቅለጫ ብቻ ነው። ለሌላ ሥራ እንዳይውል ከግቢው ሳይወጣ ይቆረጣል። ጫት ላይ ያልተሰማው ግማሽ ይህ ነው።

፯

በጋዝ የሚቆርጡት ጋሽ ኡመር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሣጥኑን አዩ።

«አቦ፣ ይሄ እኮ የአካል ጉዳተኛ ወንበር ነው!»

«እና ጋሼ?»

«እናማ ከቀረጥ ነፃ ነው! ተፈታትቶ ቢመጣም ወንበር ወንበር ነው። በስሙ ብትጠራው ኖሮ ይሄኔ እቤትህ ነበር። የትኛው ጅል ነው ቁርጥራጭ ያለው?»

ወንዳፍራሽ።

፰

ወደ ወይዘሮ ዝማም ቢሮ ሮጦ ተመለሰ።

«እመቤቴ፣ ዋሽቼዎት ነው። ወንበሩ ደህና ነው። የእህቴ ነው። እግሯን…»

ወይዘሮ ዝማም መሳቅ ጀመሩ። ፊቱን ሲያዩ ተዉት። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ስማኝ። የዋሸኸኝ ቅድም ከሆነ፣ ፈርመህበታል፤ ፖሊስ እጠራለሁ። አንተ ትታሰራለህ፤ ወንበሩ ግን የመጣው በእህትህ ስም ነውና ይደርሳታል። የምትዋሸኝ አሁን ከሆነ ደግሞ ሂድና ብረትህን አስቆርጥ። የቱ ነው?»

አንባቢ፣ እዚህ ላይ ባዶ ቦታ ትቼልህ ባልፍ ደስ ባለኝ። አንተ ደግ ነህ፤ ደግ መልስ ትጽፍለት ነበር። እሱ ግን መልሷል።

«አሁን» አለ። «ቀልዴን ነው እመቤቴ።»

ማንም አልሳቀም።

፱

ጎማ።



ጎማ።



ጎማ።



ከዚያ መዘውሩ። ጋሽ ኡመር ቆርጠው እስኪጨርሱ ቀና ብለው አላዩትም።

፲

እታፈራሁ የበሩን ደፍ አስፈርሳ በሲሚንቶ አስለስናለች። ጎማ እንዳያደናቅፍ ነው። ራሷ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ትጠብቃለች።

ወንዳፍራሽ ጆንያ ተሸክሞ ደጅ ቆመ።

«ሲሚንቶውን እንዳትረግጠው፣ አልደረቀም!» አለችው እየሳቀች። «ነገ ጉሊት ድረስ ብቻዬን ነው የምሄደው፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ። የት አለ?»

ጆንያውን ከጀርባው ሊያወርድ ፈለገ። እንዳይንቃጨል ፈርቶ ተወው።

«ወንዴ? አንተ እኮ ወሬ አልቆብህ አያውቅም።»

«እትዬ…»

፲፩

«                                                                  »

አላት። አንባቢ፣ ይህን ባዶ ቦታ ግን ትቼልሃለሁ።