የሻምበል ሆድ

ሻምበል ኤሊያችን ነበር። ስሙን ያወጣለት አባታችን ነው፤ የራስ ቁር ደፍቶ ለማንም ሳይቸኩል ስለሚራመድ። አባታችን ሲሞት ግቢው ለእኔና ለታናሽ እህቴ በቆርቆሮ አጥር ተከፈለ። ሻምበል በእኔ በኩል ቀረ። እሷም «የአባቴን ኤሊ ወሰደችብኝ» ብላ አኮረፈች። እኔ ደግሞ ማንንም አልለማመጥም፤ በዚያው ተዘጋጋን።

ዘንድሮ ሻምበል ከእጄ መብላት ተወ። ሰላጣ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞርብኛል። ሊሞት ነው አልኩ።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትመራመረው በኤሊና በእንሽላሊት ጨጓራ ላይ ነው። «ስንቱ ሰው ሆዱን እያመመው፣ አንቺ የእንሽላሊት ሆድ ታሺያለሽ!» እላታለሁ። ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። የሻምበልን ነገር ስነግራት ግን አልሳቀችም።

«ከሞተ በኋላ ለሥራዬ አይሆንም፤ የጨጓራው ሕዋሳት ወዲያው ይበላሻሉ።»

«እንግዲያው ሳይሞት ውሰጂዋ። ለመሞቱ እንደሆነ አይቀርለት።»

«እማማ፣ መታመሙን እርግጠኛ ነሽ? መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው።»

«እናትሽ ሳትወለድ የማውቀውን ኤሊ ሐኪም ሊነግረኝ? ውሰጂ ብያለሁ!»

አብሬያት ሄድኩ። ሳያመው አስተኝታ ሥራዋን እስክትጨርስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስትጠራኝ ጥፍር የምታክል የጨጓራው ቁራጭ ለብ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ተኝታለች። ትንሽ ቆየችና ተኮማተረች። ተዘረጋች። ደግሞ ተኮማተረች።

«ምን ነካት? ባለቤቱ ሞቶ የለም እንዴ?»

«ምቱን የሚጀምሩ ሕዋሳት አሉ፤ አዛዥ አይጠብቁም። ነርቩ አፍጥኑ፣ አዝግሙ ይላቸዋል እንጂ ሥራው የራሳቸው ነው።»

ከሌላ ኤሊ ወስዳ፣ በቀለም ነክራ ያስቀመጠቻቸውን እነዚህኑ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ሰውነታቸው ቀጭን፣ እጃቸው ረጅም ነው፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይዟል፤ የነርቩ ክር በመካከላቸው ሾልኮ ያልፋል።

«ከእኛ ቤተሰብ ይሻላሉ» አልኳት።

ቀና ስል ዓይኗ ቀልቷል።

«እማማ፣ ሆዱ ሙሉ ነበር።»

ሌላ ሳህን ገፋ አደረገችልኝ። የዱባ አበባ ነው፤ ቢጫው እንኳ ገና አልጠፋም። በእኔ ግቢ ዱባ የለም። ዱባ ያለው ከአጥሩ ማዶ ነው።

ለካ ሻምበል ጠግቦ ነው።

ቅርፊቱን ስጪኝ ብዬ ታቅፌ ተመለስኩ፤ በቀጥታ ወደ አጥሩ። ቆርቆሮው ከሥሩ ተገንጥሎ የኤሊ ልክ ቀዳዳ አለው። ጎንበስ ማለት የማልወድ ሰው፣ ከየት አየዋለሁ? ገና ተንበርክኬ ሳልጨርስ፣ አበባ የያዘ እጅ በቀዳዳው ብቅ አለ። እጁ አርጅቷል፤ የእናታችንን እጅ መስሏል።

«ሻምበል፣ ና እንጂ የኔ ጌታ! ዛሬስ ምነው ዘገየህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እጁ ባለበት ቆመ።

«አንቺ ነሽ? እሱስ?»

  ባዶውን ቅርፊት በቀዳዳው ገፋሁላት። በልኩ አለፈ።