ባናውን ማን ረገጠው?

«ድርሽ እንዳትይ!» አለ ክንዱ፣ ወጌሻ ያሰረለትን ቁርጭምጭሚት መደቡ ላይ እንደዘረጋ። ሚስቱ አዛለች ግን ቀሚሷን ሰብስባ በመቀነቷ አጥብቃ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የተዘረጋውን ባና፣ የበግ ጠጉሩን ብርድ ልብስ፣ በባዶ እግሯ መርገጥ ጀምራለች።

ባናው ትናንት ከሽመናው ሲወርድ ድሩና ማጉ ላልቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። የበግ ጠጉር ደግሞ በትኩስ ውኃ ካልተረገጠ አይጠብቅም። እንደ አገሩ ደንብ ሴት ትፈትላለች፤ ወንድ ሸምኖ ይረግጣል። ክንዱን እግሩን ወለም ብሎታል፤ «እረግጥልሃለሁ» ያለው ጎረቤቱ አለበልም ደቦ ሄዷል። ነጋዴው አማን ግን ከቀትር በኋላ ከንፋስ መውጫ ይመጣል። ለከፈተው የእንግዳ ማረፊያ አልጋዎች ሁሉ ባና ሊያዝዝ ነው፤ ይህን አይቶ ካልወደደው ወደ ሌላ ሸማኔ ይሄዳል። ለእነ ክንዱ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶ አያውቅም።

«ኧረ ሰው ምን ይለኛል?»

«ባና ብለህ ወንፊት ስትሸጥስ ምን ይልሃል? ይልቅ ውኃውን ጨምርበት!»

ክንዱ እያጉረመረመ በተቀመጠበት አፈሰሰላት። በተረከዟ ትጫናለች፣ በጣቶቿ ትገፋለች፣ አጥፋ ገልብጣ እንደገና ትወጣበታለች። ጥቂት ቆይቶ፣

«በቃ፣ ጠብቋል» አላት።

«ዳር ዳሩ ነው የጠበቀው። መሀሉ ገና ከእግሬ ሥር ይሸሻል።»

ጎንበስ ብሎ መሀሉን ቆንጠጥ አደረገው። እውነቷን ነበር። ዕድሜ ልኩን የረገጠ ሰው ነውና ትንሽ አፈረ፤ ከሀፍረቱ ይልቅ ግን አድናቆቱ በለጠ። ክሩን አንድ በአንድ የፈተለችው እሷ አይደለችም እንዴ? እንዲህ ያለች ሴት አግብቼ ነው የሰው አፍ የምፈራው፣ አለ በልቡ።

አማን የመጣው መንገድ ላይ ካገኘው ከአለበል ጋር ነው። አጥሩ ላይ የተሰጣውን ባና አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። ቅንጣት ብርሃን አላለፈም።

«ማሻአላህ! ጋሼ ክንዱ፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ የገዛሁት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተጨፍልቆ የተጣበቀ ነው፤ ድር የለው፣ ማግ የለው፤ ሁለቴ ሲታጠብ ተበጣጠሰብኝ። ይሄ ግን የልጅ ልጅ ይለብሰዋል። የቀረውንም ይሄንኑ የረገጠው ሰው ይርገጥልኝ። ማነው?»

አለበል ሳቀ። «እኔ ደቦ ላይ ነበርኩ፤ እሱም እግሩ ታስሯል። መቼም አዛለች አትረግጠው!»

አዛለች የሰበሰበችውን ቀሚሷን ለቀቀች። ክንዱ «አንድ ዘመዴ ከወገዳ መጥቶ ነው» ሊል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። እግሩን ሰብስቦ ከጎኑ ቦታ ለቀቀ።

«የረገጠችውስ አዛለች ናት» አለ፣ አለበልን ትክ ብሎ እያየ። «ነይ ተቀመጪ፣ አዛሉ። ስንቱን እንደምትችዪ ንገሪው፤ ዋጋውንም አንቺው ቁረጪ።»