የእማዬ አራት ሺህ ፎቶዎች

ተመለሱ! አራት ሺህ ምናምን ፎቶ፣ አንድም ሳይጎድል ተመለሰ! ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ደብተር ብሎ ነገር አታውቅም፤ የደንበኛውን ልክ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ትጽፍና ፎቶ ታነሳዋለች። በቃ! የዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ስልኳ ውስጥ ነው።

ትናንት ስልኩ ሞላ። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኛ! ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ የሚሉት ላይ ላስቀምጥላት ብዬ ገባሁ። አንዱ «ባክአፕ ፕሮ»፣ አንዱ «ቮልት ማክስ»፣ አንዱ «ስማርት ሲንክ ፕላስ፦ ፎቶዎ ለዘላለም!» ይላል። ልዩነቱን ማን ያውቃል? «ለዘላለም» የሚለውን መረጥኩ፤ ፎቶው ሁሉ እዚያ ገብቶ ሲያልቅ ከስልኩ ላይ ሁሉንም ጠራርጌ አጠፋሁ።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ጮኸች። «የስድስቱ ሚዜዎች ልክ የት ገባ? ሠርጉ እኮ ቅዳሜ ነው! ልጆቹም ከተማ ውስጥ የሉም!»

ክላውዱን ከፈትኩ። ባዶ! «ስጪኝ፣ አስፈትሼው ልምጣ» ብዬ ጥግ ላይ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ፣ መነፅሮ ወደምንለው፣ በረርኩ።

«መነፅሮ፣ ድረስልኝ!»

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«አንቺ ቀበጥ! ይሄኛው እንደ መስታወት ነው። ከስልኩ ሲጠፋ እዚያም ይጠፋል።»

«ለዘላለም ይላል እኮ!»

«ሻጭ ምን የማይለው አለ? እኔስ ይሄን "ፕሪሚየም ሶፋ" ብዬ ብሸጥልሽ?» እግሩ በሽቦ የታሰረ በርጩማውን እያሳየኝ!

ከዚያ አንድ ቦታ ነካ አደረገ። የተሰረዘ ነገር ለካ ሠላሳ ቀን እዚያ ይቆያል! ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ሲሉ እንባዬ መጣ። ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሰጠኝና «ይሄን ከስልኩ ለይታችሁ አስቀምጡ» አለኝ። እግዜር ይስጠው!

አብሮኝ መጥቶ ደግሞ ለእማዬ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ሮጣ ባትደርስ ኖሮ አልቆልዎት ነበር!» ጠቀሰኝና ሄደ።

እማዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «የኔ መድን! አንቺን የሰጠኝ ይመስገን!» አለች። ማን እንዳጠፋው አልጠየቀችም። አሁን ለደንበኛ እንኳ የምትሳሳላቸውን ሁለት ጨርቆች ዘርግታ «የቱን ልቅደድልሽ?» እያለችኝ ነው።

ከመቅደዷ በፊት ልነግራት አፌን ከፈትኩ... ቆይ ግን፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?