የደሞዝ ሴት ወይስ የሰማንያ ሚስት

በ1957 ዓ.ም. ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ጥሩብርሃን ከወረታው ፍርድ ቤት ደጅ ጭቃ ላይ ቆማ የይፋግን መንገድ ታያለች። የመጨረሻዋ ምስክር ገና አልመጣችም። ሁለቱ ጠዋት ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ አንዱ «ሲባል ሰማሁ እንጂ አላየሁም» አለ፤ ሌላው ሰርጓን ከሰው ሰርግ አደባለቀው።

ከባሏ ከሰጠኝ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። ጎጆ ሲወጡ አንዲት ጥጃ እንኳ አልነበረቻቸውም። አርማ፣ አጭዳ፣ ከብት አርብታ ቤቱን ቤት አደረገችው። ሰጠኝ ሌላ ሴት ሲያመጣ «እንካፈልና ልሂድ» አለችው።

«ምኑን? አንቺ የደሞዝ ሴት አይደለሽም እንዴ! ልብስሽን ይዘሽ ውጪ» አላት።

በሰማንያ ያገባ ያካፍላል፤ ለጊዜው ደሞዝ ቆርጦ ያስቀመጠ ግን ባዶ እጇን ቢሸኛት ጠያቂ የለውም። በሰማንያ ያጋቧቸው ሽማግሎች ደግሞ ሁሉም አልፈዋል። ውሉ ሲታሰር አጠገብ ሆና ሰምታ በሕይወት የቀረች የሰጠኝ ታላቅ እህት እናትነሽ ብቻ ናት።

የርብ ወንዝ ሞልቷል፤ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል። ባትመጣስ? መጥታ ለወንድሟ ብታደላስ? ሰጠኝ ከግድግዳው ተደግፎ፣ እንድትሰማው ጮክ ብሎ፣ «እህቴ ከቃሌ አትወጣም» ይላል።

እናትነሽ እስከ ወገቧ ርሳ ደረሰች። ጥሩብርሃንን ቀና ብላ ሳታይ አልፋት ሄደችና ከወንድሟ አጠገብ ቁጭ አለች።

ተጠርታ ከማለች በኋላ ዳኛው ጠየቋት።

«ወንድምሽ ይችን ሴት በምን አስቀመጣት?»

ሰጠኝ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በሰማንያ ነው፣ ጌታዬ» አለች እናትነሽ። «ከእናቷ ቤት ያመጣኋት እኔ ነኝ። አባታችንም በሽማግሎች ፊት ‹ያፈራችሁት የሁለታችሁ ነው› ሲሏት ሰምቻለሁ። ደሞዝ የቆረጠላት ሰው የለም።»

«እናትነሽ!» አለ ሰጠኝ። ዳኛው ዝም አሰኙት።

ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። ጥሩብርሃን ሚስት ናት፤ የአባቱ ርስት ለእሱ ይቅር፤ አብረው ያፈሩት ከብትና እህል እኩል ይካፈል። ስትወጣ አንዲት የማታውቃት ሴት ነጠላዋን ይዛ አስቆመቻት። «እቴ፣ ምስክር ስንት ሲሆን ይበቃል?» አለቻት በሹክሹክታ። ጥሩብርሃን ከኋላዋ ወደ ቆመችው እናትነሽ በእጇ አመለከተቻት።

ሰጠኝ በአጠገባቸው ሲያልፍ እህቱን ሳያያት «ከእንግዲህ እህት የለኝም» አለ።

እናትነሽ እርጥብ ቀሚሷን ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። «ባሌ ከሞተ ወዲህ የሚያርስልኝ እሱ ነበር» አለች። «ዝናቡ ገብቷል። እርሻዬ ገና አልተነካም።»

«ነይ፣ እትየ» አለች ጥሩብርሃን። ጋቢዋን አውልቃ ደረበችላት። ክንዷን ያዘቻትና ወደ ጥሩብርሃን እናት ቤት በሚወስደው መንገድ ቀስ እያሉ ሄዱ።