የስልከኛዋ ግራ ጆሮ

ጡረታ ከወጣች ዘመን ቢቆጠርም ሰፈሩ ዛሬም «ስልከኛዋ» ነው የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ማገናኛ፣ ስዊችቦርድ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ፣ ሲያሻውም እርሳስ ሲይዝ፣ የሰውን ጉዳይ ይሰማ የነበረው ግራ ጆሮዋ ነው። ታዲያ ጆሮዋ ሲደክምና ሐኪም መስሚያ ሲያዝላት፣ «ለሁለቱም ያስፈልግሻል» ቢላትም አንዱን ብቻ ተቀብላ ግራው ላይ ሰካችው። «ቀኙ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ በስተርጅና አላስቸግረውም» አለች። ሰውዬው ምን ይበል? ሳቀና ተዋት።

ይህ ጆሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ጉዳይ ነበረው፤ የቀጭኔ ስልክ። ቀጭኔ ማለት ሠላሳ ዓመት አጠገቧ የተቀመጠች ባልደረባዋ ናት፤ አንገቷ ረዥም ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ኧረ እነሱ ምን ያልሆኑት አለ! በብርድ ወራት አንድ ሹራብ ለሁለት ትከሻ ይደርቡ ነበር። ደዋዩ ገና አፉን ሳይከፍት፣ በትንፋሹ ብቻ «ይሄ የሂሳብ ክፍሉ ነው» ብለው ይወራረዱ ነበር። የተሸነፈችው የምሳ ሰሃን ታጥባለች። አለቃቸው ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሳቃቸውን ለመዋጥ ከንፈራቸውን ነክሰው እንባቸው ይወርዳል። ያ ክፍል ዛሬ የለም፤ ስዊችቦርዱም ተነቅሎ የት እንደተጣለ እንጃ። ያንን ዘመን ከእሷ ጋር ከሚያውቁት የቀረችው ቀጭኔ ብቻ ናት።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የቀጭኔ ድምፅ ቀስ በቀስ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ እንደምታወራ ሰው መታፈን ጀመረ። ስልከኛዋ ባትሪ ቀየረች፤ ወይ ፍንክች። መስሚያው ጭራሽ ማፏጨት አመጣ። በጥጥ ጎረጎረች፤ ጥጡ አልበቃ ሲላት በጸጉር ሽቦ። የባሰ ደነቆረች።

«እማዬ፣ እስቲ ስልኩን በቀኙ ሞክሪው» አለቻት ልጇ።

«ቀኙ ስልክ ምኑን ያውቃል!»

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «አልሰማሁሽም» ይላል። ስልከኛ ግን ሰው ሲያወራ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የት ላይ መልስ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ያቺን ክፍተት ጠብቃ «እሺ»፣ «ገባኝ»፣ «አይ ወዳጄ» ጣል ማድረግ ለእሷ ምኗ ነው? ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትሰማ ከቀጭኔ ጋር ተጫወተች። ደነቆርኩ ብትላት ቅዳሜ ይቀራል ብላ ፈራች፤ ቅዳሜ ከቀረ ደግሞ የኖረችው ሁሉ የሚቀር መሰላት። በአንዱ ቅዳሜ ቀጭኔ ረዥም ነገር ስታወራ ቆየችና ዝም አለች። ስልከኛዋም ክፍተቱን አይታ «ይሁን እህቴ፣ ምንም አይደለም፤ ያለፈ አለፈ» አለቻት።

በመጨረሻ ልጇ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደቻት። ነርሷ በመብራት ጆሮዋን አየችና ፈገግ አለች።

«እማማ፣ ጆሮዎ አልሞተም፤ በኩክ ተደፍኗል» አለቻት ጮክ ብላ። «መስሚያው ኩኩን መውጫ ይከለክለዋል፤ እርስዎ ደግሞ በጥጥ እየገፉ ወደ ውስጥ ጠቀጠቁት። መስሚያ ያደረገ ሰው ጆሮውን በየጊዜው መታየት አለበት። ሽቦ የሚባል ነገር ደግሞ ሁለተኛ እንዳላይ!»

ማለስለሻ ጠብታ ተሰጣት። በሳምንቱ ተመልሳ ለብ ባለ ውኃ ሲታጠብላት ባቄላ የሚያህል ጥቁር ነገር ዱብ አለ። «ይሄ ነው ስድስት ወር ያስለቀሰኝ?» አለች። መስሚያው ተጠርጎ ሲገባላት የቧንቧው ጠብታ፣ የነርሷ ጫማ ሲጥ ሲጥ ማለት፣ የልጇ ትንፋሽ ሁሉ ባንዴ መጣ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ቅዳሜ ስልኩ እስኪጮህ አልጠበቀችም፤ ራሷ ደወለች። የቀጭኔ ድምፅ አርጅቷል፣ ግን ራሷ ናት።

«ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ እንቅልፍ አገኘሁ» አለቻት ቀጭኔ። «ይቅር ባትይኝ ኖሮ በምን ሆዴ እሞት ነበር?»

ስልከኛዋ ክው አለች። «ይሁን» ምላሷ ላይ ነበረች፤ ዋጠቻት።

«ስሚኝ እህቴ። ያን ቀን ያልሽውን አልሰማሁም። ኩክ ደፍኖኝ ነበር። አፍሬ ነው ዝም ብዬ ይሁን ያልኩሽ።»

በዚያኛው ጫፍ ቀጭኔ ወንበር ስትጎትት ተሰማ። ከዚያ ተናገረች።

«የእናትሽን ስልክ ያላገናኘሁት እኔ ነኝ።»

ስልከኛዋ ለሥራ ብላ ከቤት ስትወጣ እናቷ ተቀይማት ነበር። ሁለት ዓመት ቃል ሳይለዋወጡ መርዶ መጣ። «እናቴ ሳትጠራኝ ሞተች» እያለች አርባ አምስት ዓመት ከዚያ ጋር ኖራለች፤ ለቀጭኔም ስንቴ ነግራታለች።

«ምሳ ወጥተሽ ነበር» አለች ቀጭኔ። «አለቃው ከኋላዬ ቆሟል፤ የግል ስልክ ክልክል ነው። የለችም ብዬ ገመዱን ነቀልኩት። ስትመለሺ እነግራታለሁ ብዬ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን መርዶሽ መጣ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«አርባ አምስት ዓመት!» ጮኸች ስልከኛዋ። «በአንድ ሹራብ ስንሞቅ! ስንቴ አጠገብሽ አለቀስኩ!» ስልኩን ልትዘጋው እጇ ተነሣ። ግን አልቻለችም። «ምን አለች?» አለች።

«ልጄን አገናኙኝ አለች።»

«በቁጣ?»

«ኧረ በቁጣ አይደለም። እየፈራች። ‹ትመጣልኝ እንደሆነ ልጠይቃት ነው› አለች።»

ስልከኛዋ ስልኩን ግራ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። እናቷ ጠርታታለች። እንባዋ ጉንጯን አልፎ ስልኩን አራሰው።

«ድገሚልኝ» አለች። ቀጭኔ ደገመችላት። «እንደገና።» እንደገና ነገረቻት። በሁለቱም ጫፍ ልቅሶ ሆነ።

«ታዲያ... አሁንስ ይሁን ትይኛለሽ?» አለች ቀጭኔ በመጨረሻ።

«አልልሽም። ይሄን ሳምንት ልቆጣሽ» አለች ስልከኛዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ቅዳሜ ግን ደውዪ። ካልደወልሽ ያን ጊዜ ነው የማልምርሽ።»