ተግባቦት የተባለው ፈተና

መምህርቷ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ፈተናው ክፍል ስትገባ ልቧ ሞልቶ ነበር። ፋርማሲ ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ ከሰው ጋር መግባባት መቻላቸውም ይታይ ብላ፣ ስንትና ስንት ስብሰባ ላይ አፏ እስኪደርቅ ተከራክራ በመጨረሻ እሺ አሰኝታለች። "ኬሚስትሪውን አንበልብሎ የመጣ ሁሉ በሽተኛ ፊቱ ሲቆም መሬት መሬት ነው የሚያየው" ትል ነበር።

ፈተናውን ያሰናዳችው ራሷ ናት። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ጉልበታቸውን የሚያማቸው በሽተኛ መስለው ይቀመጣሉ። ተፈታኙ ማስታገሻ ኪኒንና አንዲት ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዷ "ይህ መድኃኒት ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አይሰጥም" ትላለች። ነርሷ ደግሞ በወሬያቸው መሀል "የልብ ሐኪሜ እንደሆነ ደምሽ ይቅጠን ብሎ..." ብለው እንደ ዋዛ ጣል ያደርጉና ዝም ይላሉ። የሰማ ይጠይቃል፣ ያልሰማ ያልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከእሷ ጋር ለፈታኝነት የተቀመጡት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነበሩ። ኃላፊው በተማሪነቷ ያስተማሯት ስለሆኑ እስከ ዛሬ "ጋሼ" ነው የምትላቸው።

ረፋዱ ላይ ሸሚዙ በካውያ ቀጥ ያለ ወጣት ገባ። ገና ሳይቀመጥ ሰላምታውን አዥጎደጎደው። ነርሷ የልብ ሐኪማቸውን ሲያነሱ "አይዞዎት እማማ፣ ዕድሜ ነው!" ብሎ አቋረጣቸውና ስለ ጉልበት፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ውሃ መጠጣት ትንፋሽ ሳይወስድ አወረደው። ኪኒኑንም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አስረከባቸው።

"ሬዲዮ ነው እኮ!" አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ ልጁ ሲወጣ፣ እየሳቀ። "ነገውኑ ብቀጥረው ደስታዬ ነው።"

ቀጥላ የገባችው በጽሑፍ ፈተናው ከሁሉም የበለጠችው ልጅ ነበረች። እንደምን አደሩ ለማለት የአንገቷ ሥር ተገታተረ። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ነርሷ ግን ያችን ቃል ጣል ሲያደርጉ ልጅቷ ቀና አለች።

"እማማ፣ ሐ... ሐኪሙ ለደምዎ ኪኒን ሰጡዎት?"

"አዎ ልጄ፣ በየቀኑ እውጣለሁ።"

"እንግዲያው ይሄን አል... አልሰጥዎትም፤ ሊያደማዎት ይችላል። እስቲ አረፍ ይበሉ፣ ለሐኪምዎ እንደውልና ሌላ ይ... ይዘዙልዎ።"

"እሰይ!" አሉ ነርሷ፣ ማስመሰሉን ረስተው።

ልጅቷ ወጥታ በሩ እንደተዘጋ ኃላፊው "ልጁ አልፏል፣ እሷ ወድቃለች" አሉ። "ታሳዝናለች፣ ግን ተግባቦት የላትም።"

"ምን የላትም?" አለች መምህርቷ።

"ተብታባ ናት፣ አልሰማሽም? ተግባቦት ይፈተን ብለሽ ስትጨቀጭቂን የከረምሽው አንቺው ነሽ።"

ደሟ ፈላ። ስትሟገትለት የከረመችው ነገር ዞሮ የልጅቷ መቀጥቀጫ ዱላ ሆኖ አረፈው!

"ጋሼ፣ ልጁ እኮ እኚህን ሴትዮ ገድሏቸዋል! ፈገግ እያለ፣ እማማ እያለ!"

"አታካብጂው እህቴ" አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ። "ደንበኛ ተሰልፎ፣ እሷ አንድ ቃል እስክትጨርስ ማን ይጠብቃታል?"

"በሕይወት መቆየት የሚፈልግ ይጠብቃታል! ተግባቦት ሲባል ምላስ ብቻ ነው ያላችሁ ማነው? ጆሮ የት ሄደ?"

"ሁለት ለአንድ ነው፣ ቁጭ በይ" አሉ ኃላፊው።

አልተቀመጠችም። ነርሷን አስከትላ በቀጥታ ወደ ዲኗ ቢሮ ገሰገሰች፤ ጸሐፊዋ "ቆዪ፣ እንግዳ አለ" ስትል እንኳ አልሰማቻትም። ዲኗ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡና በለሆሳስ "እንግዲህ ልጅቷን በልዩ አስተያየት እናስገባታለን" አሉ።

ይሄ ደግሞ ባሰ። "ምን ያለ አስተያየት ነው? ማን ምጽዋት ጠየቀ? ፈተናውን ያለፈችው እሷ ናት፤ የወደቀው ልጁ ነው!"

ነርሷም መነጽራቸውን አወለቁ። "በሽተኛዋ እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው እንኳ እኔን ጠይቆኛል? ከገቡት ልጆች ማን እንደሰማኝ፣ ማን እያቋረጠኝ እንዳወራ አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ።"

ዲኗ ጥቂት አሰቡና ነርሷ ባሉበት ውጤቱ ሁሉ እንደገና እንዲታይ አዘዙ። ልጅቷ በራሷ ውጤት ገባች። ሬዲዮ የተባለው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንዲሞክር ተነገረው። ኃላፊው መምህርቷን ለወራት ሰላም አላሏትም፤ ከፈታኞቹም "ትንሽ ረፍት ያስፈልጋታል" ተብላ ተቀነሰች።

ትምህርት የተጀመረ ዕለት ልጅቷ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"መምህር፣ አመ... አመሰግናለሁ። ው... ውለታዎን..."

ልጅቷ ቃሉን እስክትጨርስ መምህርቷ ጠበቀቻት። ከዚያ ቁጣዋ እንደ አዲስ ተነሳ፤ በልጅቷ ላይ ግን አልነበረም።

"ውለታ የሚባል የለም" አለቻት። "የራስሽን ነው የወሰድሽው። ለራስሽ ነገር ማንንም እንዳታመሰግኚ፣ ሰማሽ? በይ ግቢ፣ ክፍል ረፈደብሽ።"